ከእምባቦ ሜዳ የመጣ መልስ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ጅማ፣ ሰኔ 20

ውድ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ትናፍቅሻለች፤ አያትሽም ዝናቡ ከገባ ወዲህ ጉልበቷን ከሚቆረጥማት በቀር ደህና ናት። ይህን ጉዳይ በስልክ ብነግርሽ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን የእኔና የአንቺ ስልክ ከገንዘብና ከፈተና ወሬ አልፎ ስለማያውቅ፣ ቁጭ ብዬ በወረቀት ልጽፍልሽ መረጥሁ። ረዘም ቢልብሽ በአንድ ጊዜ ጨርሺው አልልሽም።

ነገሩ አንድ የቆየ ጥያቄሽን የሚመለከት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ክፍላችሁ የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ወደ ጅሬን ሲወጣ፣ አብረው ከሄዱት ጥቂት ወላጆች አንዱ እኔ ነበርሁ። አስጎብኚው ከእንጨት የተሠራውን ሰገነት እያሳየ የንጉሡን ቁመት፣ የንጉሡን ወንበርና የንጉሡን ሀብት ሲያወሳ፣ አንቺ እጅሽን አውጥተሽ «አባ ጅፋር ምኒልክን ለምን አልተዋጋም?» ብለሽ ጠየቅሽ። ልጆቹ ሳቁ፤ አስጎብኚውም «ብልህ ስለነበረ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ። ወደ ከተማ ስንወርድ እኔን ደግመሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም ከእርሱ የተሻለ መልስ ስላልነበረኝ ያንኑ «ብልህ ስለነበረ» የሚለውን ደግሜ ሸንኮራ ገዛሁልሽ። ሸንኮራውን መጠጥሽ፤ ጥያቄውን ግን አልተውሽውም፤ ማታ በደብተርሽ የጀርባ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈሽው አይቻለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ የጅሬንን ኮረብታ ባየሁ ቁጥር ትንሽ ያሳፍረኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ወደ ሆሮ ጉዱሩ ሄጄ ነበር። አንድ የእህል መጋዘን መኪና ከነጭነቱ የሚመዝንበት የምድር ሚዛኑ አጠራጥሮት እንድናየው ስለጠየቀ፣ የሚዛን ድንጋዮቻችንን በፒክአፕ ጭነን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ጊዜ ደውለን ካረጋገጥን በኋላ ከሾፌራችን ጋር ተነሣን። በአጋሮ አድርገን፣ በደሌን አልፈን፣ የደዴሳን ሸለቆ ወርደንና ወጥተን ነቀምቴ አደርን፤ በማግስቱም በባኮ በኩል ወደ ሻምቡ ወጣን። ስለ ሚዛኑ ብዙ አልነግርሽም፤ በአንድ ሙሉ መኪና ጭነት ላይ ከ60 ኪሎ በላይ ያጎድል ነበር፤ የሚያጎድለውም እንደተለመደው በሻጩ በገበሬው ላይ ነው። ምክንያቱ ከብረቱ ሥር ጠጥሮ የከረመ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ጠርገን፣ አስተካክለን፣ በማሕተም አሽገን ስንጨርስ ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ዕቃችንን ስንሰበስብ ነው የመጋዘኑ ጠባቂ ከየት እንደመጣን የጠየቀን። ከጅማ መሆናችንን ሲሰማ ሳቅ ብሎ «ታዲያ እምባቦን ሳታዩ ልትመለሱ ነው? የተዋጉት እኮ በእናንተ ጉዳይ ነው» አለን። ሾፌራችን የሚያውቀው የዐድዋንና የማይጨውን ጦርነት ብቻ ስለነበር ነገሩ ቀልድ መሰለው። እኔ ግን የእምባቦን ስም ድሮ በትምህርት ቤት ሳለሁ በአንዲት መስመር ተጽፎ አንብቤው ስለነበር፣ በዚያች መስመር ውስጥ ጅማ እንዳለችበት ትዝ አለኝ፤ ወዲያውም ያ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ጥያቄሽ መጣብኝ። ጠባቂው አብሮን መኪናው ላይ ወጣ። በመንገዱ መጥፋትና በዝናቡ መክበድ ምክንያት በቦታው የቆየነው ከአንድ ሰዓት ብዙም አልበለጠም፤ ስለዚህ እንደ ተመራማሪ ሳይሆን እንደ መንገደኛ አይቼው የመጣሁ መሆኑን ከወዲሁ እወቂልኝ።

ያየሁት ሜዳ ነው። አዲስ የታረሰ ማሳ፣ በማሳው ዳር ለግጦሽ የተተወ ሣር፣ ሣሩ ላይ በአንድ እግራቸው የታሰሩ ሦስት ፈረሶች፣ ከበስተኋላ ደግሞ ጉም የሸፈነው ጋራ፤ ሌላ ምንም የለም። እኛ በቆምንበት በኩል ሐውልትም ሆነ ጽሑፍ አላየሁም፤ ጠባቂው በእጁ እየጠቆመ «እዚያ ሸዋ ነበረ፣ እዚህ ጎጃም ነበረ» ባይለን ኖሮ አጋሮ አጠገብ ካለ ማሳ ባልለየሁት። ቀልቤን የሳበው ጭቃው ነው። ሁለት እርምጃ ስራመድ ጫማዬ እጥፍ ሆነ፤ በእንጨት ስፍቀው ሌላ ያዘብኝ። የጦርነቱን ቀን አስቢው፤ ግንቦት 30 ነው፤ እኔ ከቆምሁበት ወቅት ጋር የሦስት ሳምንት ልዩነት እንኳ የለውም። ያ ሁሉ ፈረስና ያ ሁሉ እግረኛ እንዲህ ያለውን መሬት ሲረግጠው ምን እንዳደረገው፣ መሬቱስ ሰውንና ፈረሱን ምን እንዳደረገ፣ ያንን እየገመትሁ ትንሽ ቆየሁ። ሥራዬ ክብደት ነውና ሌላው ሰው ስለ ጀግንነት የሚያስብበት ቦታ ላይ እኔ ስለ ጭቃ ማሰቤን አትታዘቢኝ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ለመረዳት የሚቀለው ከጦሩ በፊት የነጋዴውን መንገድ ሲያስቡ ነው። በዚያ ዘመን በጊቤ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናሪያ፣ ጅማ፣ ጌራ፣ ጎማና ጉማ ይባሉ ነበር፤ ከእነርሱ ወዲያ በደቡብ በኩል የከፋ መንግሥት ነበረ። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ወርቁ፣ ሳልደብቅሽ ባሪያውም የሚሰበሰበው ከእነዚህ አገሮችና ከአካባቢያቸው ሲሆን፣ ትልቁ ገበያ ዛሬ ከተማችን የቆመችበት ሂርማታ ነበር። ከሂርማታ የሚነሣ ሲራራ ነጋዴ ሁለት ትልልቅ መውጫ ነበረው። አንዱ ወደ ሰሜን ጉዱሩን አቋርጦ፣ በአሰንዳቦ ገበያ አርፎ፣ ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ባሶ ገበያ የሚደርሰው፣ ከዚያም በጎንደር አድርጎ እስከ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ ነው። (አሰንዳቦ ስልሽ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ በአውቶቡስ የምታልፊያትን የእኛዋን አሰንዳቦ እንዳይመስልሽ፤ የጉዱሩዋ ሌላ ናት።) ሁለተኛው መንገድ ወደ ምሥራቅ በሸዋ ዞሮ በሐረር በኩል ዘይላ ወደብ የሚያደርሰው ነበር። ንግዱ ወደ ሰሜን ከሄደ ቀረጡ የጎጃም ነው፤ ወደ ምሥራቅ ከዞረ የሸዋ ነው። በቀረጡና በግብሩ ደግሞ ጠመንጃ ይገዛበታል፤ ጠመንጃ ያለው ሌላ ግብር ያስገብራል። እኛ ቤት ስትደርሺ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ እየተሰፈረ የምታዪው ቡና ያን ጊዜም ቢሆን የመጠጥ ነገር ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ በ1873 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ዮሐንስ፣ ራስ አዳልን «ተክለ ሃይማኖት» ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው። ካርታውን ዘርግተሽ ተመልከቺው። ጎጃም ከዐባይ ማዶ ነው፤ ከፋ ደግሞ ከጅማም አልፎ ነው። በማዕረጉ ላይ የተጨመረችው ያቺ አንዲት ቃል በመካከል ያለውን አገር በሙሉ፣ ጅማንም ጭምር፣ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ የጎጃም ደጅ አደረገችው። ምኒልክ ያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ዓይናቸውም በዚያው አገር ላይ ስለነበረ ይህን ዝም ብለው ሊያዩት አልቻሉም። በጎጃም በኩል ራስ ደርሶ፣ በሸዋ በኩል ራስ ጎበና ዳጬ በአንድ አገር ላይ ሁለት አስገባሪ ሆነው ሲገፋፉ ከቆዩ በኋላ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ነገሥታት ራሳቸው ጦራቸውን ይዘው መጡ። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተጋጠሙ። ውጊያው መራር ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ፤ የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኛ ጦር ድሉን ለሸዋ አደረገው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ ምኒልክም ቁስላቸውን አሳክመው በክብር እንደያዟቸው ይነገራል። እኒሁ ሁለት ሰዎች ከ14 ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ በአንድ ወገን ተሰልፈው ነበር፤ ይህን ለሾፌራችን ስነግረው «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ተፋጁ?» አለኝ፤ እኔም ስለ ቡናና ስለ ዝሆን ጥርስ መሆኑን ስነግረው ቅር እያለው ዝም አለ።

የራስ ጎበና ነገር ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል። ራሳቸው የሸዋ ኦሮሞ ነበሩ፤ ዛሬ አንዱ የአገር አቅኚ ጀግና ይላቸዋል፣ ሌላው ስማቸውን ለስድብ ይጠቀምበታል። እኔ በዚህ ክርክር አልገባም፤ ሆኖም በዚያ ሜዳ ላይ በጎበና ፈረስ ላይ ከተቀመጠውና ማሳው በጎበና ፈረስ ከተረገጠበት ሰው ብዙዎቹ አንድ ቋንቋ ይናገሩ እንደነበር ልብ እንድትይልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ ማሳው ካነሣሁ፣ ከፈረሶቹ አጠገብ ስንቆም አንድ ሽማግሌ ገመድ ይዘው መጡ። ዕድሜያቸው ከ75 ያነሰ አይመስለኝም። በኦሮምኛ ሰላም ስላቸው ፈገግ አሉ፤ አነጋገሬ የጅማ መሆኑን ከሁለተኛው ቃል ላይ ያዙት። «የአባ ጅፋር አገር ሰው!» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ስለ ጦርነቱ የሚያውቁትን እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ስለ ነገሥታቱ የነገሩኝ ጥቂት ነው። የነገሩኝ ስለ አያታቸው እናት ነበር፤ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ጦር መጣ ሲባል ቤተሰቡ ከብቱን ነድቶ ወደ ቆላው ወረደ፤ እርሷም ጥጃ ተሸክማ ስትሮጥ አንድ ጫማዋን ጣለች አሉኝ። ጫማ በዚያ ዘመን ለገበሬ ልጅ ከየት መጣ ብዬ ልጠይቅ አስቤ ተውሁት፤ ምናልባት በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የተጨመረ ይሆናል፤ ወይም እውነት ይሆናል። ሲመለሱ የዘሩት ሁሉ ተረግጦ ከአፈሩ ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። «የማን ጦር ነው የረገጠው?» ስላቸው፣ «ማን ያውቃል፣ ሁለቱም ፈረስ ነበራቸው» አሉና ሳቁ። ከዚያም ትንሽ ቆይተው በቁም ነገር፣ «የጎጃም ሜዳ፣ የሸዋ ሜዳ ሲባል እንሰማለን፤ ማሳው ግን የእኛ ነበር» አሉ።

የሽማግሌውን ነገር ከዚህ ላይ ላቁመው፤ በመጨረሻ ወደ እርሳቸው እመለሳለሁ።

ከድሉ በኋላ የሆነውም የሚያስደንቅ ነው። አፄ ዮሐንስ ሁለቱ ገባር ነገሥታት ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ተቈጥተው ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ወሎም ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ተሰጠ፤ ዕርቁን ለማጽናት ደግሞ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለዚሁ ለአርአያ ሥላሴ ተዳረች። ዕድሜዋ 6 ዓመት ነበር። በኋላ ንግሥተ ነገሥታት የሆነችው ዘውዲቱ ማለት ይህች ናት። እናትሽ ይህን ስነግራት ስለ ቀረጡም ስለ ጦሩም አንድ ቃል አልጠየቀችኝም፤ «በስድስት ዓመቷ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝና ወደ ማጀት ገባች።

ለእኛ ግን ከቅጣቱ ይልቅ የከበደው ሌላው ነገር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጎጃም ከጊቤ አገሮች ወጣ፤ ሸዋ ብቻውን ቀረ። እዚህ ላይ ነው መልሱ የተገለጠልኝ። ሁለት አስገባሪ ሲኖር ለአንዱ ትንሽ ሰጥተሽ፣ ለሌላው ትንሽ ቃል ገብተሽ፣ በሁለቱ ቅናት መካከል መኖር ይቻላል፤ ቡና ሻጭም ሁለት ገዢ ሲመጣበት እንደዚሁ ያደርጋል። አንደኛው ገዢ ሲወድቅ ግን የቀረው ዋጋውን ይቆርጣል። ጅማ እምባቦ ላይ ጦር ሆና አልተሰለፈችም፤ ይሁን እንጂ ከገበያው ውስጥ አንዱ ገዢ የወደቀው በዚያ ሜዳ ነው። አስጎብኚው «ብልህ ስለነበረ» ሲል ሰውዬው ጅሬን ሰገነት ላይ ተቀምጦ በነፃነት የመረጠ አስመስሎታል፤ ምርጫው ግን አስቀድሞ ከጅማ ውጭ፣ አሁን ፈረስ በሚግጥበት ማሳ ላይ ጠብቦ ነበር።

አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ገደማ ገና በአፍላነታቸው ነግሠው፣ እምባቦ በሆነበት ዓመት 21 ዓመት ገደማ ነበሩ። አንቺን ያክላሉ ማለት ነው። ይህን ስቆጥር ደነገጥሁ፤ በሥዕል የምናውቃቸው ያንን ጢም፣ ያንን ግርማ ይዘው ስለሆነ፣ እንደ አንቺ ያለ ወጣት ሆነው አስቤያቸው አላውቅም ነበር። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ከመዋጋት ይልቅ በግብር መስማማቱ እንደሚሻል መከሯቸው ይባላል። ጎረቤታችን ጉማ ከሽንፈቱ በኋላም ደጋግሞ አምፆ ተዋግቷል፤ የራሱ ንጉሥ ግን አልቀረለትም። ሊሙ፣ ጌራና ጎማም የራሳቸውን አገዛዝ አጡ። ጅማ ግን በየዓመቱ ግብር እየከፈለች፣ በውስጥ ጉዳይዋ የራሷን ንጉሥ፣ የራሷን ዳኛና የራሷን ገበያ ይዛ አባ ጅፋር እስከ ሞቱበት እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ቆየች። ከ50 ዓመት በላይ ነገሡ ማለት ነው። ነቀምቴ ላይ ስናድር ከሩቅ ያየሁት የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትም የዚሁ ዓይነት ስምምነት ፍሬ ነው፤ የለቃ ነቀምቴ ገዢዎችም ለሸዋ በሰላም ገብረው አገዛዛቸውን ይዘው ቆይተዋልና።

ይህን ብዬ ብተወው ግን ያው የአስጎብኚውን «ብልህነት» በረዥሙ ደገምሁልሽ ማለት ይሆናል። ግብሩ ብር፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም። አባ ጅፋር ለምኒልክ ዘመቻዎች ጦር ያሰልፉ ነበር፤ በኩሎ፣ በወላይታ፣ በመጨረሻም በ1889 ዓ.ም. በከፋ ላይ በተደረጉት ዘመቻዎች የጅማ ሰው ነበረበት። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሻሮቾ ተማርከው አገራቸው ሲጠፋ፣ የጅማ ፈረሰኛ ከአሸናፊዎቹ ጎን ነበር። በሂርማታ ገበያ የተሸጠውም ሰው ከእነዚሁ ጎረቤት አገሮች የመጣ ነው። በጅሬን ጉብኝት ላይ ስለዚህ ሲነገር ብዙም አልሰማሁም፤ አንቺም አልሰማሽም። እኛ ከእምባቦ ጭቃ የዳንነው በሌላ ሰው ማሳ ላይ በመሄድ ጭምር መሆኑን ሳልጽፍልሽ ብቀር የጎደለ ሚዛን ማሸግ ይሆንብኛል።

አንቺ ደግሞ የሁለቱም ወገን ልጅ ነሽ። በእኔ በኩል ያለው ቅድመ አያትሽ ቡና ለቀማ ዐባይን ተሻግሮ ከጎጃም የመጣ፣ ለአንድ ወቅት ብሎ መጥቶ ሳይመለስ የቀረ ሰው ነው፤ በእናትሽ በኩል ያሉት ደግሞ አባ ጅፋር ከመንገሣቸው በፊት ጀምሮ እዚሁ የኖሩ ናቸው። አያትሽ ከእምባቦ መምጣቴን ስትሰማ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «የጎጃሙ ንጉሥ መቃብር አለ ወይ?» ብላ ነው። በዚያ አልሞቱም፣ በኋላ በሰላም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል ስላት ደስ አላት፤ ለምን ደስ እንዳላት እርሷም የምታውቅ አልመሰለኝም፤ የሞተ ባሏ አባት አገር ስለሆነ ይሆናል። የእናትሽ አጎት ደግሞ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ታሪኩን ከእኔ ሲሰማ፣ «እናንተ ጎጃሞች በጦር አቅቷችሁ በቡና ለቀማ ገባችሁ» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ ጥሩ ስለነበር አልመለስሁለትም።

ጫማዬን ለማጽዳት ጊዜ ስላልነበረን ጭቃውን እስከ ጅማ ይዤው መጣሁ። ሾፌሩ ፔዳሉን አቆሸሸብኝ እያለ እስከ በደሌ አኩርፎ ነበር። ቤት ስደርስ እናትሽ በረንዳ ላይ ሆና «ይህንን ይዘህ እንዳትገባ» ስትለኝ ጫማውን አውልቄ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ የደረቀውን ጭቃ ፍቄ በእጅ ሚዛን መዘንሁት፤ ከሁለቱም ጫማ 740 ግራም ወጣ። እናትሽ ስቃብኝ ጭቃውን የጽጌረዳው ሥር ደፋችው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ልንሄድ ስንል የፈረሱን ገመድ እየፈቱ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እኛ ስለ ጅማ ብዙ እንሰማለን» አሉ፤ «የአባ ጅፋርን ስም የማያውቅ ልጅ እዚህ የለም። ጅማ ውስጥ ስለ እኛ ምን ይባላል?» እኔ ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ ተምሬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጅማ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለ ጉዱሩ ሰው፣ ስለዚያ ማሳና ስለዚያ ቀን ጅማ ውስጥ ሲባል የሰማሁትን ለማስታወስ ሞከርሁ። ምንም አላገኘሁም። «ምንም አይባልም» ማለት ስለከበደኝ «ሰላም ናችሁ ይላሉ» ብዬ የማይረባ ነገር ተናገርሁ፤ እርሳቸውም እንደ ምርቃት ተቀብለው «እናንተም ሰላም ሁኑ» አሉኝ።

የዚያ መጋዘን ሚዛን ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መታየት ስላለበት በታኅሣሥ ወር ወደዚያው እመለሳለሁ፤ ሽማግሌውንም ፈልጌ አገኛቸዋለሁ። ለክረምት ስትመጪ ያንን የስምንተኛ ክፍል ደብተርሽን ከሣጥኑ አውጪውና፣ ከጥያቄሽ ሥር የእርሳቸውን ጥያቄ ጻፊበት። አንድ ቅዳሜ ጅሬን አብረን ወጥተን አስጎብኚውንም እንጠይቀው፤ ሸንኮራ ግን በዚህ ጊዜ አንቺ ትገዢያለሽ።

የሚወድሽ አባትሽ